ወጋጎዳና የጃቫ ትምህርት

ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ አንባቢ ርእሱን አይቶ እንዳይሸሽ አስቀድሜ ልለምን። በኮምፒውተር ብጀምርም ነገሬ ስለ ሀገር ነው። ወላይታ ሶዶ ተቀምጬ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ማስተማር ከጀመርኩ በርካታ ዓመታት አልፈዋል። ከማስተምራቸው ምዕራፎች ሁሉ ደጋግሞ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ነው። እርሱም ስለ ክላሶች ውርስ፣ እንዲሁም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ስለሚገለጠው የኦብጀክቶች እውነተኛ ዓይነት የሚናገረው ነው። ተማሪዎቼ ምዕራፉን የሚፈሩት ስለሚከብዳቸው ነው። እኔ ግን ጃቫን ከመማሬ በፊት ፍሬ ነገሩን ያስተማረችኝ ይህችው ከተማ ናት፤ ያውም በ1992 ዓ.ም.።

እስቲ ከትምህርቱ እንነሣ። ክላስ ማለት ንድፍ ነው። ኦብጀክት ደግሞ በንድፉ መሠረት የተፈጠረና ሕይወት ያገኘው ነገር ነው። ክፍል ውስጥ የምጠቀምበት ምሳሌ ከጓሮ የመጣ ነው። «ሰብል» የሚባል ወላጅ ክላስ እንጽፋለን። ከእርሱ የሚወርሱ «እንሰት»፣ «በቆሎ» እና «ጎደሬ» የሚባሉ ሦስት ልጆች እናበጃለን። ሰብል ሁሉ ለምግብ ይዘጋጃልና ወላጁ ላይ «ተዘጋጅ» የሚል ትእዛዝ እናኖራለን። አዘገጃጀቱ ግን አንድ አይደለም። እንሰት ይፋቃል፣ ይቀበራል፣ እስኪብላላም ይጠበቃል። በቆሎ ይፈለፈላል፣ ይፈጫል። ጎደሬ ይቀቀላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የወረሰውን ትእዛዝ በራሱ መንገድ ይፈጽመዋል።

አሁን ሦስቱንም «ሰብል» በሚል ስም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ደርድረን «ተዘጋጅ» ብንላቸው ምን ይሆናል? ኮዱን አስቀድሞ የሚመረምረው ኮምፓይለር የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ለእርሱ ሦስቱም «ሰብል» ናቸው። ፕሮግራሙ መሥራት ሲጀምር ግን ኦብጀክቱ የሚመልሰው በተጻፈለት ስም ሳይሆን በተፈጠረበት ማንነት ነው። እንሰቱ እንደ እንሰት፣ ጎደሬው እንደ ጎደሬ ይዘጋጃል። የተሰጠ ዓይነት አለ፤ የሆኑት ዓይነትም አለ። ሁለቱ ሲጣጣሙ ፕሮግራሙ ያምራል። ሲጋጩ የሚያሸንፈው ሁልጊዜ የሆኑት ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉ ሁለት ሕጎች ልጨምር። አንደኛው፣ ማንም ገበሬ «ሰብል» የሚባል ነገር ዘርቶ፣ «ሰብል» የሚባል ነገር አጭዶ አያውቅም። የሚዘራው ወይ ጤፍ ነው፣ ወይ በቆሎ ነው። «ሰብል» የዝምድናቸው መጠሪያ እንጂ ራሱን ችሎ የሚበቅል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ክላስ «ረቂቅ» እንለዋለን። ከረቂቅ ክላስ ኦብጀክት ፍጠርልኝ ብትሉት ጃቫ ገና ከመነሻው እምቢ ይላል። ሁለተኛው፣ ፕሮግራመሩ «ይህ ሰብል በቆሎ ነው፤ እመነኝ» ብሎ ኮምፓይለሩን ማሳመን ይችላል። ኮምፓይለሩ ያምነዋል። ነገሩ በእውነት ጎደሬ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ይሰበራል። ጎደሬን በቆሎ ነው ብሎ ጥሬውን የቀመሰ ሰው ወረቀቱ አያድነውም፤ እውነቱን የሚነግረው ጉሮሮው ነው።

* * *

ይህ የፕሮግራም አጻጻፍ ስልት የተወለደው ኦስሎ ውስጥ ነው። ኦለ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን በኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲሙላ 67 ክላስን፣ ውርስን፣ በሥራ ሰዓትም እንደ ኦብጀክቱ ማንነት የሚመረጥ ትእዛዝን ለዓለም አስተዋወቀ። ሲ ፕላስ ፕላስም ጃቫም የዚያ ቋንቋ የልጅ ልጆች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች የ2001 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸውና በተከታዩ ዓመት ሁለቱም አረፉ።

ከሁለቱ ኒጎርድን ለየት አድርጌ እወደዋለሁ። ይህ ሰው የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቅ ብቻ አልነበረም። የኖርዌይ የሠራተኛ ማኅበራት በፋብሪካቸው ስለሚገባው ኮምፒውተር ድምፅ እንዲኖራቸው አብሯቸው ሠርቷል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል እንዳትሆን የታገለውን ንቅናቄ በሊቀመንበርነት መርቷል። በኅዳር 1994 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 52 የሚሆነው ድምፅ ሰጪ «አይሆንም» አለ። ልብ በሉልኝ! ወላጅ ክላስን ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ሀገሩ ከበላይዋ ሌላ ወላጅ ክላስ እንዳይጫንባት ተከራከረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለኖርዌያውያን እንተወው። እኔን የሚያስቀናኝ ሥርዓቱ ነው፤ ጥያቄው መጀመሪያ ለኦብጀክቶቹ ቀረበላቸው።

* * *

ወደ ቤታችን እንመለስ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ የሚናገሯቸው ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት «ኦሜቶ» በሚል የወል ስም ይመድቧቸዋል። ኦሜቶም በተራው ኦሞቲክ ከተባለው ትልቅ ቤተሰብ ይገባል። ምደባው ከታች ወደ ላይ የተሠራ የጥናት ውጤት ነው። ቃላቱን ለቅመው፣ ግሡን አነጻጽረው፣ የጋራውን ነቅሰው ስም ሰጡት። በእኛ አነጋገር ኦሜቶ ረቂቅ ክላስ ነው። ኦሜቶኛ የሚያወራ ሰው የለም፣ በኦሜቶኛ የሚያለቅስ ሕፃንም የለም። የሚያወራው ወይ ወላይትኛ ነው፣ ወይ ጋሞኛ፣ ወይ ጎፍኛ፣ ወይ ዳውሮኛ።

በ1990ዎቹ መባቻ በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የተደረገው ምን ነበር? ረቂቁን ክላስ ኦብጀክት አድርጎ መፍጠር! ከአራቱ ስሞች የፊት የፊቱ ፊደል ተቆርሶ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ተሠራ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ታተሙለት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ይህን ስም ግን መልአክ ሳይሆን ጽሕፈት ቤት አወጣው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ከሐሳቡ በስተጀርባ የነበረው ስሌት እብደት አልነበረም። ለአራት ተቀራራቢ ቋንቋዎች አራት ዓይነት መጽሐፍ ማሳተም ለድሃ ሀገር ወጪው ይከብዳል። እኛ ፕሮግራመሮችም ውርስን የምንወደው ድግግሞሽን ስለሚያስቀር አይደለምን? ነገር ግን ድግግሞሽን ለማስቀረት ተብሎ ብቻ የተፈጠረ ወላጅ ክላስ ዕዳው ከትርፉ እንደሚበልጥ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። በተጨማሪም ሜዳው ባዶ አልነበረም። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በ1980ዎቹም የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኖ ነበር። በሥራ ላይ ያለ፣ የሚጠሩት ብዙዎች ያሉት ክላስ ነበር እንጂ ያልተጻፈ ወረቀት አልነበረም።

እኔ ራሴ፣ ቀልዱ ይፈቀድልኝና፣ የወጋጎዳ የፊተኛውና የኋለኛው ፊደል ልጅ ነኝ፤ እናቴ ወላይታ፣ አባቴ ዳውሮ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው በየራሳቸው ስም አልተጠሩም። በመንግሥት መዝገብ እናቴ «ወላሞ»፣ አባቴ «ኩሎ» በተባሉበት ዘመን ተወልደው፣ ከአብዮቱ ወዲህ ስማቸው ሲታረም ያዩ ሰዎች ናቸው። በቤታችን እናቴ በወላይትኛ ትጠይቃለች፣ አባቴ በዳውሮኛ ይመልሳል፤ አንድም ቀን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ተግባብተው ኖረዋል፤ ቋንቋቸውን ግን አላቀላቀሉም። መግባባትና መቀላቀል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች እንደሆኑ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር።

በዚያን ዓመት እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ታናሽ እህቴ የአንደኛ ደረጃ። አንድ ቀን አዲሱን መጽሐፍ ይዛ መጥታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። አንዱ ቃል የእርሷ ነው፣ ቀጣዩ የአባቴ ነው፣ ሦስተኛው የማን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁትም። ገጹ ሳያልቅ ሳቋን አቆመች። አባቴም «አንቺ ልጅ፣ ይህን የሚናገር ሰው ካለ አገሩ የት እንደሆነ አስተማሪሽን ጠይቂልኝ» አላት። እህቴ አልጠየቀችም። ክፍል ውስጥ እንዳትሳሳት እየፈራች ዝም ማለትን ለመደች። የአፍ መፍቻ ይሆናል የተባለው መጽሐፍ አፍ መዝጊያ ሆነ።

የሆነውን ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። በኅዳር 1992 ዓ.ም. የሶዶ ተማሪና ነዋሪ አደባባይ ወጣ። ጥይት ተተኮሰ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ከሥራ ቦታቸው የተነሡ መምህራንም ነበሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ። በ1993 ዓ.ም. ሰሜን ኦሞ ራሱ ፈርሶ ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ የየራሳቸው ዞን ሆኑ፤ ኮንታና ባስኬቶም ልዩ ወረዳ። ጋሞና ጎፋም ዘግይተው በ2011 ዓ.ም. ተለያዩ። ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር የስሕተት መልእክት በቀይ ቀለም ይወጣ ነበር፤ ፕሮግራመሩም ቡናውን ጠጥቶ ያስተካክለዋል። እኛ ግን የስሕተቱን መልእክት ያነበብነው ከልቅሶ ቤት ነው።

* * *

ወጋጎዳ ትንሹ ምሳሌ ነው። ትልቁ «ደቡብ» ነበር። በሽግግሩ ዘመን ከክልል 7 እስከ ክልል 11 የተባሉት አምስት ክልሎች ተጨፍልቀው አንድ ክልል ሆኑ። ስሙም የማንም ስም ስላልሆነ የኮምፓስ አቅጣጫ ተሰጠው። በጃቫ ውስጥ «ኦብጀክት» የሚባል፣ ክላስ ሁሉ የሚወርሰው የሁሉ አባት አለ። ሁሉን ስለሚያቅፍ ስለ ማንም የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። «ደቡብ»ም እንደዚያ ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ወጣ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ሲሆን የድሮው ስም ታሪክ ሆነ።

የወላይታ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠመዝማዛ አለው። የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ጠየቀ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎችና የጥያቄው አቀንቃኞች ሲታሰሩ በሶዶና በቦዲቲ ዳግመኛ ደም ፈሰሰ። ሕዝበ ውሳኔው ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲደረግ የቀረበው ጥያቄ ስድስት ዞኖችንና አምስት ልዩ ወረዳዎችን በአንድ ክልል ስለማሰባሰብ ነበር። በወላይታ የተሰጠው ድምፅ በአሠራር ጥሰት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ። ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት።

ይህኛውስ ወላጅ ክላስ ይጸና ይሆን? ስሙን አይታችሁ አትፍረዱ። ፈተናው ልጆቹ ትእዛዝ ሲሰጣቸው መሥራት መቻላቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለወራት ደመወዝ ሳያገኙ ቆይተዋል። «ደመወዝ ክፈል» የሚለው ትእዛዝ በንድፉ ላይ ተጽፏል፤ ሲጠራ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባዶ ትእዛዝ ያወረሰ ወላጅ፣ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ልጆቹ አንድ ቀን ሌላ ወላጅ መፈለጋቸው አይቀርም።

* * *

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያማ እያንዳንዱ በየስሙ፣ በየአጥሩ ይቀመጥ ነው የምትለን?» ቢለኝ አልፈርድበትም። መልሴ ግን አይደለም ነው። ከወጋጎዳ ስሕተት ሸሽተን የወደቅንበት ሌላ ስሕተት አለና።

ጃቫ ውስጥ «ኢንስታንስ ኦፍ» የሚባል ጥያቄ አለ። ኦብጀክቱን «የየትኛው ክላስ ልጅ ነህ?» ብሎ ይመረምራል። አልፎ አልፎ ይጠቅማል። አንድ ተማሪ በየአምስት መስመሩ «በቆሎ ከሆንክ እንዲህ፣ ጎደሬ ከሆንክ እንዲያ» እያለ ሲጽፍ ባየሁ ጊዜ ግን ንድፉ እንደተበላሸ አውቃለሁ። ጥሩ ፕሮግራም ማንነትን አይጠይቅም፤ ሥራን ያዛል። «ተዘጋጅ» ይላል፣ እያንዳንዱም በራሱ መንገድ ይዘጋጃል። አዲስ ሰብል ነገ ቢመጣ እንኳ አሮጌው ኮድ ሳይነካ ያስተናግደዋል። በየበሩ ዓይነት የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁሉም በር ላይ ይሰበራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት «ኢንስታንስ ኦፍ» አለ? ኬላ ላይ የሚፈትሸው ወጣት መታወቂያ ተቀብሎ የሚያነበው ስምን ነው ወይስ ብሔርን? ቤት አከራዩስ? ቀጣሪውስ? ሕጉ ላይ የተጻፈው «ዜጋ» የሚል ነው። በሥራ ሰዓት ግን በየበሩ የሚጠየቀው ሌላ ነው። በርባራ ሊስኮቭ የተባለች አሜሪካዊት የኮምፒውተር ሊቅ በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው አንድ መርሕ አለ። ወላጁ በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ማናቸውንም ልጅ ብትተኩበት ፕሮግራሙ መበላሸት የለበትም የሚል ነው። እስቲ በሀገራችን ሕግ ላይ እንፈትነው። «ዜጋ» በሚለው ቃል ቦታ ጉራጌውን፣ ሶማሌውን፣ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ትግሬውን፣ ወላይታውን እያፈራረቃችሁ አስገቡት። ፕሮግራሙ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም ኬላ ሳይሰበር ይሠራል? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ስለ መታወቂያ ካነሣሁ አይቀር፣ በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትል አንዲት መስመር ለዘመናት ኖራለች። ቦታዋ ለአንድ ቃል ብቻ ነው። የእኔ ዓይነቱ ምን ይጻፍ? የመጀመሪያ መታወቂያዬን ሳወጣ ጸሐፊው የአባቴን ጠይቆ «ዳውሮ» ብሎ ሞላው። እናቴ አይታ «እኔስ የት ገባሁ?» አለችኝ። በቀልድ ነበር፤ ግን ለቀልዱ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። አንድ ልጅ ከሁለት ወላጆች ሲወርስ የሚነሣው ጥያቄ በሙያችን የታወቀ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ወላጅ ይፈቅዳል፤ ግጭቱን መፍታት የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው። ጃቫ ወላጅ ክላስ አንድ ብቻ ይሁን ብሎ፣ በምትኩ ኢንተርፌስ የተባሉ ቃል ኪዳኖችን የፈለጉትን ያህል መግባት ይፈቅዳል። ኢንተርፌስ «ምንድን ነህ?» አይልም፤ «ምን ልታደርግ ቃል ገብተሃል?» ይላል። ሰውም እንዲሁ ነው። እኔ በአንድ ጊዜ መምህር፣ ባል፣ የዕድር አባል፣ ግብር ከፋይ፣ የዳውሮም የወላይታም ልጅ ነኝ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ደግነቱ አንድ መልካም ነገር አይቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔር የሚጻፍበት ሣጥን የለውም። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ይበቁታል። ይህ ማንነትን መካድ አይደለም። ባንኩ ሒሳብ ሲከፍትልኝ የእናቴን ቋንቋ ማወቅ ስለማያስፈልገው ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ያስፈልጋል፤ እዚያ ይጠየቅ፣ እዚያም ይከበር። ጥያቄው የት እንደሚጠየቅ ማወቅ የንድፍ ጥበብ ሁሉ ግማሽ ነው።

እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንወዛወዝ የኖርነው በሁለት ስሕተቶች መካከል ነው። አንደኛው፣ ዝምድናን አንድ አካል አድርጎ ለመፍጠር የሚሞክረው ነው፤ ወጋጎዳ ልጁ ነው። ሁለተኛው፣ ልዩነትን በየበሩ የሚመረምረው ነው፤ ኬላው ልጁ ነው። የሚጣሉ ይመስላሉ፤ በእኔ ዕይታ ግን ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ሰው በራሱ አንደበት እንዲመልስ ጊዜ አይሰጡትም። አንዱ መልሱን ቀድሞ ይጽፍለታል፤ ሌላው ከመልሱ በፊት ዘሩን ይጠይቀዋል።

የጋራ ቃል ኪዳን ይኑረን፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ለሁሉም እኩል የሚጠራ። አፈጻጸሙን ለእያንዳንዱ እንተውለት፤ በቋንቋው ይማር፣ በባህሉ ይዳር፣ በመረጠው ይተዳደር። ከላይ ስም የምናወጣም ብንሆን መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ካልጠየቅንም መልሱ መምጣቱ አይቀርም። በወረቀት ላይ ዝም ያሰኘነው ሁሉ በሥራ ሰዓት ይናገራልና።

ቸር ይግጠመን።